«አሳማ አትበይም? ታዲያ ማን ነሽ?»

የዛሬው ወሬዬ ከወደ ስፔን ነው። ስፔን ሲባል ሪያልና ባርሳ ብቻ ለሚታያችሁ፣ በነሱ የተነሳ ከጓደኛ ለተኳረፋችሁ ሁሉ ይቅርታ፤ ስለ ኳስ አንድ መስመር አልጽፍም። ወሬዬ ስለ ሆድ ነው። ሆድ ደግሞ እዚያ አገር የዋዛ ነገር እንዳይመስላችሁ። መታወቂያ ነው። አንድ ዘመን ላይ እንዲያውም የክስ ማስረጃ ነበር።

ማድሪድ እህቴ ትኖራለች። አራስ ልጠይቅ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። መቼም አራስ ቤት ቁጭ ብሎ «ማድሪድን አየሁ» አይባልም። እህቴም ይህን አይታ «ከተማውን የምታሳይሽ ልጅ አለች» ብላ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር አገናኘችኝ። ልጅቷ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በስፔን ባህል ላይ ነው፤ ምግብ፣ ፖለቲካና ማንነት። አዎ፣ ምግብ! እኛ ሠፈር ስለ ወጥ ብዙ የሚያወራ ሰው «ሆዳም» ነው የሚባለው፤ እነሱ ዘንድ ለካ ዲግሪ ያሰጣል።

ስሟን አልጠቅስም፤ «ተማሪዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ። መልኳን ብታዩት ፒያሳ ላይ ዘወትር የምታልፉት ልጅ ናት። የተወለደችው እዚሁ እኛ አገር ነው። በአራት ዓመቷ ስፔናውያን ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዷት። እንደሷ ያሉ ልጆች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ስፔን ከኢትዮጵያ ብዙ ሕፃናት ከወሰዱት አገሮች አንዷ ነበረች፤ በሩ በሕግ የተዘጋው በጥር 2010 ዓ.ም ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። የተግባባነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ተምራው፣ እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍልና ከፊልም ለቃቅሜው።

የመጀመሪያ ቀን የወሰደችኝ አንቶን ማርቲን የሚባለው ሠፈር አጠገብ ያለ አንድ ቡና ቤት ነው። ስንገባ ቀና ብል ጣሪያው በሙሉ የአሳማ ታፋ ነው! ከነሰኮናው፣ አንዱ ካንዱ ተደርድሮ። ከያንዳንዱ ሥር የተገለበጠች ዣንጥላ የመሰለች ትንሽ የፕላስቲክ ጽዋ ተሰክታለች፤ የሚንጠባጠበውን ስብ ትቀበላለች። የኛ ልኳንዳ ቤት ሥጋው የሚሰቀለው ትኩስ ሆኖ ነው፤ የነሱ በጨው ታሽቶ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት የከረመ ነው። ስሙ «ሃሞን» ይባላል። ስፔናዊ ስለ ሃሞን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ስለ እናቱ የሚያወራ ይመስላል።

ቢራ አዘዝን። አስተናጋጁ ከቢራው ጋር ሳናዝዝ አንዲት ትንሽ ሳህን አስቀመጠ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ቀይ ሃሞን። እኔም በትሕትና ወደ ተማሪዋ ገፋ አደረግኩት። ሰውየው አየኝና «ሙስሊም ነሽ?» አለ። ማተቤን አውጥቼ አሳየሁት። ግራ ገባው። «አ... አይሁድ?» አለ። ማተቡ ላይ ያለውን መስቀል እንደገና አሳየሁት። ሰውየው ሁለቴ አማተበ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን ሊያማትብ ምንም አልቀረውም።

እኛ አገር «የክርስቲያን ሥጋ»፣ «የእስላም ሥጋ» ተብሎ ልኳንዳ ቤቱ ለየብቻ ነው። አሳማ ሲመጣ ግን ሁለታችንም አንድ ነን፤ አንነካም። ይህን ለዚያ አስተናጋጅ ማን ያስረዳው? እሱ በሚያውቀው ዓለም አሳማ የማይበላ ሰው ወይ ሙስሊም ነው ወይ አይሁድ። ሦስተኛ ዓይነት የለም። ተማሪዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። «ይሄ ጥያቄ እኮ 500 ዓመቱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በእግር ወደ ፕላሳ ማዮር ሄድን። አራት ማዕዘን ሰፊ አደባባይ ነው፤ ዙሪያውን ቀይ ቀለም የተቀባ ፎቅ ከቦታል። ቱሪስቱ ካላማሪ በዳቦ እየገመጠ ፎቶ ይነሳል። እዚሁ አደባባይ ላይ ጁን 30 ቀን 1680 ከመቶ በላይ ሰዎች የተከሰሱበት የሃይማኖት ችሎት ቀኑን ሙሉ ተካሂዷል፤ ንጉሡ ካርሎስ 2ኛ ከሰገነት ሆኖ ይመለከት ነበር። ፍራንሲስኮ ሪሲ የሚባል ሠዓሊ ከሦስት ዓመት በኋላ ሣለው፤ ሥዕሉ የፕራዶ ሙዚየም ንብረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1492 የመጨረሻው የእስልምና መንግሥት ግራናዳ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት አይሁዶች «ወይ ተጠመቁ ወይ አገር ልቀቁ» ተባሉ። ሙስሊሞቹም ብዙ ሳይቆይ ያው ምርጫ መጣባቸው። ብዙዎች ተጠመቁ። የተጠመቀን ሰው ልቡን ግን ማን ያየዋል? ልብ አይታይም፤ ድስት ግን ይታያል። በ1478 የተቋቋመውና እስከ 1834 የቆየው የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት ዓይኑን ድስት ላይ ተከለ። በየቤተ ክርስቲያኑ የጥቆማ አዋጅ ይነበብ ነበር፦ ጎረቤታችሁ አሳማ አይበላም? ጥንቸልስ ይጸየፋል? ቅዳሜ ሲሆን ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል? ቅዳሜ እሳት አያነድም? እኛ የማናውቀውን ጾም ይጾማል? መጥታችሁ ተናገሩ!

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ቁጠርልኝ። አሳማ አልበላም። ጥንቸልም አልበላም። አያቴ ቅዳሜን እንደ እሁድ ታከብር ነበር። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በዚያ ዘመን ማድሪድ ውስጥ ቤት ተከራይቼ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቼ ስንት ቀን ይታገሡኝ ነበር? አንድ ሳምንት የሚሞላ አይመስለኝም።

ይህን ስል ቀልዴን እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤት አገር ፖርቱጋል ውስጥ በአንድ የኛ ሰው ላይ ደርሷል። የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ በ1527 ሊዝበን የገባው ጸጋ ዘአብ በነገረ መለኮት ሊቃውንት ፊት ቀርቦ ስለ ግዝረት፣ ስለ ቅዳሜ፣ ስለሚበላውና ስለማይበላው ተመረመረ። ቁርባንም ተከለከለ። ክርስቲያን ከክርስቲያን አገር ሄዶ ማለት ነው! እሱም አልተኛም፤ የኢትዮጵያን እምነት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጻፈ። ዳሚያዎ ደ ጎይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር በ1540 አሳተመለት። መጽሐፉ ፖርቱጋል ውስጥ ታገደ። ጎይሽ ራሱ በስተርጅናው ተከሶ ሲቀርብ ደግሞ ከቀረቡበት ምስክርነቶች አንዱ በጾም ቀን ሥጋ በልቷል የሚል ነበር። ያኛው ባለመብላቱ፣ ይኼኛው በመብላቱ! ተማሪዋ ይህን ታሪክ አታውቀውም ነበር፤ ስነግራት ደብተሯን ሁለተኛ ጊዜ አወጣች። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ።

አሁን ወደ ዘይት ልውሰዳችሁ። ዛሬ የወይራ ዘይት በማምረት ከዓለም አንደኛ ስፔን ናት። በዚያ ዘመን ግን በዘይት መጥበስ ራሱ ያስጠረጥር ነበር፤ «ንጹሕ» ክርስቲያን የሚጠብሰው በአሳማ ስብ ነዋ! አንድሬስ ቤርናልዴስ የሚባል ቄስና ታሪክ ጸሐፊ የተጠመቁት አይሁዶች ምግባቸውን በዘይት ስለሚሠሩ ቤታቸውም አፋቸውም ይሸታል ብሎ ጽፏል። ያ የተጠላው ዘይት ዛሬ የአገር ኩራት ሆኖ በጠርሙስ ይሸጣል።

ቃላቱን ደግሞ ስሙ። ዘይት በስፓኒሽ «አሴይቴ» ነው። ስኳር «አሱካር»። ሩዝ «አሮስ»። ሎሚ «ሊሞን»። ተማሪዋ ስትዘረዝርልኝ አንድ በአንድ በአማርኛ እመልስላት ጀመር፦ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሎሚ። ቃላቱ እነሱም ጋ ከዓረብኛ ነው የገቡት። ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታት «ሞሪስኮ» የሚባሉትን የሙስሊም ዘሮች ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች አባረሩ፤ ሰዎቹ ሄዱ፣ ስማቸው ግን ጓዳ ውስጥ ቀረ።

ማድሪድ የራሴ የምትለው ምግብ ኮሲዶ ይባላል። ክረምት ላይ ወረፋ ተይዞ ነው የሚበላው። መጀመሪያ ሾርባው ይመጣል፣ ቀጥሎ ሽምብራና አትክልቱ፣ በመጨረሻ ሥጋው። ብዙ አጥኚዎች እንደሚሉት ምንጩ «አዳፊና» የሚባለው የአይሁዶች ወጥ ነው፤ ቅዳሜ እሳት ስለማይነካ ዓርብ ማታ ተጥዶ በረመጥ ሲበስል ያድራል። ከዚያ ዘመኑ ሲከፋ የአሳማ ስብ፣ ቾሪሶ የሚባለው የአሳማ ቋሊማ፣ የደም ቋሊማ ሁሉ ተጨመረበት። ድስቱም አብሮ ተጠመቀ በሉት። ጎረቤት ሲያሸት የአሳማ ሽታ እንዲደርሰው!

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። እሺ፣ ተጠመቁ፣ አሳማውንም በሉ፣ ፈተናውን አለፉ። ዳኑ? አልዳኑም። ሃይማኖትና ሆድ አልበቃ ሲል ደም ተቆጠረ። ገና በ1449 የቶሌዶ ከተማ ከአይሁድ ዘር የሆነ ክርስቲያን የከተማ ሹመት እንዳይዝ ደነገገች። «የደም ጥራት» ይሉታል፤ በኛ ቋንቋ አጥንት ቆጠራ ነው። ቀጥሎ ሌሎች ከተሞች፣ የሃይማኖት ማኅበራትና ኮሌጆች ተከተሉ። አያትህ ማን ነበር? ቅድመ አያትህስ? የተጠመቁትን «ማራኖ» ይሏቸው ነበር፤ ቃሉ አሳማም ማለት ነው። አሳማ አልበላም ያለውን አሳማ ብለው ሰደቡት፤ የበላውንም ያው።

ተማሪዋ ይህን ሁሉ ስታስረዳኝ እንደ አስጎብኚ አልነበረም። ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያው ቡና ቤት በሆነ ነገር ነው። አስተናጋጁ ለሷ የምግብ ዝርዝር ያቀረበላት በእንግሊዝኛ ነበር። እሷ በማድሪድ ስፓኒሽ መለሰችለት። እሱ በእንግሊዝኛ ቀጠለ! ሃሞኑን እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ከየትኛው ክልል እንደመጣ፣ አሳማው ምን በልቶ እንዳደገ ከሰውየው በላይ የምታውቅ ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ከነበርነው የአሳማውን ፈተና ያለፈችው እሷ ነበረች። ሰውየው ግን ሒሳብ ሲቀበል «ከየት ናችሁ?» አለን፤ ለሁለታችንም እኩል።

«በየቀኑ ነው» አለችኝ። «ሃሞን እየበላሁ እያዩኝ ይጠይቁኛል።»

ይባስ ብሎ የዩኒቨርሲቲው ነገር አለ። አማካሪ መምህሯ የጥናት ርዕሷን እንድትለውጥ መክሯታል። እሷ ማጥናት የፈለገችው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የነበረውን የረሃብ ዘመን ምግብ ነው። እሱ ግን «ለአንቺ የሚቀርብሽ፣ ማድሪድ ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ቢሆኑ አይሻልም?» አላት። በክፋት አይደለም አለችኝ፤ ደግ ሰው ነው። እንጀራ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላችው በ19 ዓመቷ ነው፤ በሹካ። የስፔን አያቷ ደግሞ የረሃቡ ዘመን ልጅ ናቸው። «የሳቸው ረሃብ የኔ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ውሳኔዋን እስከ ሰኞ ማሳወቅ ነበረባት።

እስከዚያው አንዳንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ፤ ዓምዱ የምክር ዓምድ ነውና። ስፔን ከሄዳችሁ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አትጠብቁ፤ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ለዚህም ፖለቲካ አለበት። አገሪቱ በካርታ ከለንደን ጋር ትይዩ ናት፤ አምባገነኑ ፍራንኮ በ1940 ሰዓቱን ከበርሊን ጋር አመሳሰለው፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ችስታ ከሆናችሁ «ሜኑ ዴል ዲያ» በሉ፦ ሾርባ ወይም ሰላጣ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭና መጠጥ ባንድ ዋጋ። ይህም በ1960ዎቹ የፍራንኮ የቱሪዝም ሚኒስቴር ምግብ ቤቶችን ለቱሪስት እንዲያቀርቡ ካስገደደው ሜኑ ጋር የተያያዘ ነው። ጾመኞች ደግሞ ተጠንቀቁ! «ሥጋ የለበትም?» ብላችሁ ስትጠይቁ «የለበትም» ብለው ምስሩን ያመጡላችኋል፤ ውስጡ ቾሪሶ ይዋኛል። አትክልቱም ላይ ሃሞን ተከትፎ ይነሰነሳል፤ ሃሞን ለብዙዎቹ ሥጋ ሳይሆን ቅመም ነው። «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን» በሉ፤ ያለ አሳማ፣ ያለ ሃሞን ማለት ነው። ሁለቱንም በሉ።

ፓኤያንም «የስፔን ምግብ» ብላችሁ ቫሌንሲያ ውስጥ እንዳትናገሩ። የቫሌንሲያ ነው፤ ሩዝ፣ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ፎሶሊያ። እንግሊዛዊው ወጥ ሠሪ ጄሚ ኦሊቨር በ2016 ቾሪሶ ጨምሮበት አገር ተቀወጠ። ካታላኖች በቲማቲም በታሸ ዳቦ፣ ባስኮች በማብሰያ ማኅበሮቻቸው «እኛ ሌላ ነን» ይላሉ። በ2021 እንኳ አንድ ሚኒስትር «ሥጋ ቀንሱ» ቢል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔድሮ ሳንቼስ ራሱ ጥብስ የሚስተካከለው የለም ብሎ አረፈው። በዚህ አገር ሳህን ሳይነካ ምርጫ አይካሄድም።

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዋ «አያቴ ዘንድ እንሂድ» አለችኝ። መንደሩ ከማድሪድ ወደ ደቡብ፣ ላ ማንቻ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው፤ ዶን ኪኾቴ የተንከራተተበት አገር። አውቶብሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መንገዱ ግራ ቀኝ ወይን፣ ወይራ፣ አቧራ።

በመንገድ ላይ ስለዚያ ረሃብ ነገረችኝ። ጦርነቱ ከ1936 እስከ 1939 ነው። ፍራንኮ አሸነፈ፤ ረሃቡ የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1939 እስከ 1952 ሕዝቡ በራሽን ካርድ ነበር የሚኖረው። (የደርግን ዘመን የቀበሌ ራሽን ወላጆቻችሁን ጠይቁ።) ዳቦና ዘይት በጥቁር ገበያ ይሸጣል። በ1941 ባርሴሎና ውስጥ ኢግናሲ ዶሜኔክ የሚባል ታዋቂ ወጥ ሠሪ የችግር ጊዜ ምግብ መጽሐፍ አሳተመ። ከውስጡ አንዱ ያለ እንቁላልና ያለ ድንች የሚሠራ የድንች እንቁላል ጥብስ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ ነጩ ክፍል ተዘፍዝፎ ድንች ይሆናል፣ ዱቄት በውሃ እንቁላል ይሆናል። 200,000 ያህል ሰው በረሃቡና በተከተለው በሽታ እንደሞተ የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች አሉ። መንግሥቱ «ድርቅ ነው» ይል ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎቹ ግን በሩን ዘግቶ «ራሳችንን እንችላለን» ያለው ፖሊሲ፣ ገበሬውን በርካሽ እህል ሽጥ ያለው ትእዛዝ ነው ይላሉ። «ድርቅ ነው» የሚለውን ዜማ እኛም የምናውቀው ይመስለኛል።

የተማሪዋ ችግር አያቷ ስለዚያ ጊዜ አለመናገራቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መቅረጸ ድምፅ ይዛ ትሄዳለች። ሴትየዋ «ያን ጊዜ ሁሉም እንዲያ ነበር» ብለው ቴሌቪዥን ይከፍታሉ። በቃ።

ሴትየዋ ዘጠና አልፏቸዋል። ቀጭን፣ ጥቁር ሹራብ የለበሱ፣ እንደኛ አገር እማማዎች ጉንጭ የሚስሙ። ልጅቷን ሲያዩ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት፤ ከሳሽ ወይ ለማለት ነው። እኔንም እንዲሁ አዩኝ። «ከየት ነሽ» አላሉኝም። «በልታችኋል?» ነው ያሉት።

ማድ ቤት ገባን። መደርደሪያው ላይ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥራጥሬ አየሁ። ሽምብራ አይደለም፣ አተርም አይደለም። ማዕዘን ያለው፣ የመንጋጋ ጥርስ የመሰለ። አንስቼ አየሁትና ሳላስበው በአማርኛ «እንዴ! ይሄ እኮ ጓያ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ተማሪዋ «አልሞርታ ነው» አለች። ጋቾ የሚባል ገንፎ የሚሠራበት፣ የድሃ ምግብ። አዎ አልኩ፣ ጓያ ነው፤ በኛ አገር ዝናብ ሲጠፋ፣ ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ እሱ ብቻ ይበቅላል። ሰዉ ወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግሩን ይሰብረዋል። እናቶች እንፋሎቱን እንኳ ይፈሩታል፤ ሲበስል አጠገቡ አትቁሙ ይላሉ።

ተማሪዋ ይህን ለአያቷ በስፓኒሽ ተረጎመች። «እግሩን ይሰብረዋል» የሚለው ላይ ስትደርስ ሴትየዋ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ።

እንፋሎቱ እንኳ አይሰብርም። ዘሩ ውስጥ መርዝ አለ፤ ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ካደረገው እግርን የሚያዙ ነርቮችን ይጎዳል፣ ከዚያ አይድንም። በ1940ዎቹ ስፔን ውስጥ ይህ ሽባነት በብዙ ቦታ ታየ። ከ1967 ጀምሮ ጓያን ለሰው ምግብነት መሸጥ ተከለከለ፤ የላ ማንቻ ሰው ግን መብላቱን አላቆመም። በ2018 ክልከላው ተነሳ፤ በመጠንና አልፎ አልፎ ብቻ እንዲበላ ይመከራል። ሠዓሊው ጎያ እንኳ ጓያን ሥሎታል ብላችሁስ! በ1811 እና 1812 ማድሪድ በናፖሊዮን ጦር ሥር ስትራብ፣ ሰዎች አንድ ገበታ ከበው የጓያ ገንፎ ሲቀበሉ የሚያሳይ የኅትመት ሥዕል አለው። ርዕሱ «ምስጋና ለአልሞርታ» ነው። ምስጋናው የምር ይሁን ምጸት ተማሪዋም እኔም ተከራክረን አልተስማማንም።

እማማ ከወንበር ላይ ተቀመጡ። ታላቅ ወንድም ነበራቸው። አባታቸው በተሸነፈው ወገን ስለነበሩ ታስረዋል፤ እናት በራሽን ካርድ አምስት ልጅ ታሳድጋለች። አንድ ክረምት ሙሉ ጓያ ብቻ በሉ። ወንድምየው አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ሥራ የሚሠራው እሱ ስለሆነ እናት ለሱ ትጨምርለት ነበር። የጨመረችለት እኮ እሱኑ ነው! በፀደይ አንድ ቀን ከአልጋው ሲነሳ ጉልበቱ አልታዘዝ አለው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ዱላ ሄደ። እናትየዋ እስክትሞት ለሰው ሁሉ «ከበቅሎ ወድቆ ነው» ትል ነበር።

ተማሪዋ መቅረጸ ድምፁን ስትከፍት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያቷ አይተዋታል፤ ዝጊው አላሏትም።

እያወሩ ምድጃቸውን ለኮሱ። ጋቾውን የሚሠሩት በአሳማ ስብ ነው፦ መጀመሪያ ስቡ ይጠበሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ የኛን በርበሬ የመሰለ ግን የማያቃጥል ቀይ ዱቄት ይጨመራል፣ ከዚያ የጓያው ዱቄትና ውሃ። ተማሪዋ ቀስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ዞር ብለው አዩኝ፤ ሙስሊም ነሽ ወይ ብለው ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ማተቤን ያዝኩ። እሳቸው ግን ሌላ ትንሽ መጥበሻ አውርደው የወይራ ዘይት ጠብ አደረጉበት።

«ያን ጊዜማ» አሉ፣ «አሳማ ከየት መጥቶ! ሁላችንም እንደሷ ነበር የምንሠራው።»

መጥበሻው መሐል ተቀመጠ። ሳህን የለም፤ ሁሉም ቁራሽ ዳቦ ይዞ ከዚያው ከመጥበሻው ይጠቅሳል፣ ከዚያ ለሌላው ቦታ ለመስጠት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ባህሉ እንዲያ ነው አሉኝ። ጣዕሙ? ከሽሮ ይወፍራል፣ ትንሽ መረር ይላል። ተማሪዋ አንዴ ከአያቷ መጥበሻ፣ አንዴ ከኔ እየጠቀሰች «ያንቺ ይሻላል» አለችኝ። እሳቸው ሰሟትና በዳቦው ጀርባ እጇን መቷት።

የመጨረሻው አውቶብስ አመለጠን። ሰኞ ጠዋት ለአማካሪዋ የላከችው ርዕስ የድሮው ራሱ ነው፤ የጨመረችበት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አልሞርታ።